ያልሠራህበትን ወር ወረቀት አምጣ ያሉኝ እናት

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር ዘገየሁ። ሆን ብዬ ነው። ደንበኞቼ በካርድ ሲከፍሉኝ የሚቆረጥብኝ ገንዘብ አንድ ወር ቢቀንስልኝ በሚቀጥለው ተመልሶ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሦስት የወር ሂሳብ ወረቀት ተከታትሎ መጣ፣ ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው፣ አልተመለሰም። እንግዲህ አሁን አፌን ሞልቼ ላመስግን።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ቤት እየሄድኩ የሚያፈስ እጠግናለሁ፣ የተደፈነ እከፍታለሁ፣ የውሃ ማሞቂያ እቀይራለሁ። አንድ ረዳትና አንድ መኪና አለኝ፣ በቃ። ድሮ ደንበኛ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥርልኝ ነበር። አሁን አሥር ቤት ብገባ ስምንቱ ካርድ ነው የሚያወጡት። ካርዱ ደግሞ በነጻ አይደለም። ኤሌክትሪክ የምትሠሩ፣ ቀለም የምትቀቡ፣ በርና መስኮት የምትገጥሙ ሁሉ የምለው ይገባችኋል። ሥራው ያልቃል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ግን ባንክ የገባው ከከፈሉህ ያንሳል። ለምን ያንሳል? ማንም አያስረዳህም።

ያስረዱኝ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ የሆኑ እናት ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ለምነውኛል። እኔ በአካልም እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ከእሳቸው በፊት የደረሰብኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሆዴ ውስጥ ቆይቷል።

የመጀመሪያው የካርድ ማሽን ሻጭ ሰውዬ የመጣው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። እጄ ጭቃ በጭቃ ነው፣ እሱ ሱፍ ለብሷል። “ከመቶ 1.5 ብቻ ነው የምንቆርጠው” አለኝ። ታብሌቱን ዘረጋልኝ። ሌሎቹ ጣቶቼ ስለቆሸሹ በትንሿ ጣቴ ፈረምኩ። ያቺ 1.5 ለአንድ ዓይነት ካርድ ብቻ እንደሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው። ነጥብ የሚያጠራቅመው ካርድ ሌላ ዋጋ አለው፣ የድርጅት ካርድ ሌላ፣ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈው ሌላ። የኔ ደንበኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ1.5ቷ ውጭ ናቸው። ማሽኑም የኔ አይደለም፣ ኪራይ ነው። የ48 ወር ኪራይ፣ ያውም የማይሰረዝ። እስካሁን በከፈልኩት ኪራይ ያንን ማሽን ደጋግሜ እገዛው ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ “አንተ ሰባራ ሳንቲም አትከፍልም፣ ደንበኛህ ነው የሚከፍለው” ብሎ ያዘኝ። ማሽኑ ራሱ በደንበኛው ሂሳብ ላይ የካርዱን ወጪ ይጨምራል። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቤታቸውን ለዓመታት የማውቅላቸው አንድ አባት ደረሰኙን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አጥልቀው ደግመው አዩት።

“ይሄ ምንድን ነው ልጄ?”

“የካርዱ ነው አባባ።”

“እኔ የጠራሁህ ለቧንቧው ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም። እትዬ በኋላ እንደነገሩኝ ይሄ ጭማሪ እንደየአገሩ ሕግ አለው። በእንግሊዝ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግለሰብ ካርድ ላይ መጨመር ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዴቢት ካርድ፣ ማለትም ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ በሚቆርጠው ላይ፣ መጨመር አይፈቀድም። የሸጠልኝ ሰው ስለ ሕግ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው አልልም። ግን የኚያ አባት ፊት እስከዛሬ ይመጣብኛል።

ማሽኑን የሰጠኝ ድርጅት ጋ ስልክ መደወሉንስ ተዉት። ሙዚቃ ስሰማ ግማሽ ቀን። በመጨረሻ የምታነሳው ልጅ “ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው” ትለኛለች። “እሺ፣ ሲስተሙን አገናኚኝ” አልኳት አንድ ቀን። ሳቀችብኝ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም።

እትዬን ያገኘኋቸው ፈልጌ አይደለም። የወጥ ቤታቸው መታጠቢያ ታች በኩል ያፈስ ነበርና ጠሩኝ። ጠገንኩ። ካርዳቸውን ሰጡኝ። እኔ እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ማሽኑ መኪና ውስጥ ነው፣ ቻርጅ የለውም፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ቆመው አዩኝና “ልጄ፣ ካርዱ እጅህ ላይ እያለ ለምን ቁጥሩን ትጽፋለህ?” አሉኝ። ምን ልዩነት አለው አልኩ። “በእጅ የተጻፈ ካርድ በአካል እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። ማጭበርበር ይበዛበታል ተብሎ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው የሚቆርጡብህ” አሉኝ። ቀጥለው “ለመሆኑ ከመቶ ስንት ይቆርጡብሃል?” ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም።

የአንድ ማጠፊያ ዋጋ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ይሄን ግን አላውቅም። አፈርኩ። እሳቸው አልሳቁብኝም። “እሁድ ወረቀቶችህን ይዘህ ና” አሉኝ።

በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ግማሹ ፖስታ አልተከፈተም። እትዬ ማስመሪያ አመጡ፣ ከአንዱ መስመር ሥር አስቀመጡት፣ “ይህቺን ታውቃታለህ?” አሉኝ። አላውቃትም። ማስመሪያውን ዝቅ አደረጉ። “ይህቺንስ?” አላውቃትም። እንደዚያ እያልን ገጹን ጨረስን። ከዚያ በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ በወሩ የተቆረጠብኝ ሁሉ ተደምሮ፣ ለወሩ በካርድ ለገባው ሁሉ ተካፍሎ። ከመቶ 3.9 ወጣ። 1.5 የተባልኩት ሰውዬ!

ቀጥለው የጠየቁኝ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። “ምንም ያልሠራህበት ወር አለ?”

አለ። ወገቤን ታምሜ አንድ ወር ሙሉ ተኝቻለሁ። ባለቤቴ ናት ቤቱን የያዘችው፣ እኔ ኮርኒስ ስቆጥር ከረምኩ። ረዳቴ ሌላ ሰው ጋ ቀን ሥራ ገብቶ ነበር፣ በየማታው ግን እየመጣ ያየኝ ነበር። ለሱም አንድ ቀን እንደዚህ መጻፍ አለብኝ። ብቻ በዚያ ወር አንድም ካርድ አልነካሁም።

“የዚያን ወር ወረቀት አምጣ” አሉኝ። ከፌስታሉ ፈልገን አገኘነው። ባዶ መሆን ነበረበት። ባዶ አልነበረም። አምስት መስመር አለው! የማሽን ኪራይ፣ የወር ክፍያ፣ ወረቀቱን ለመላክ ክፍያ፣ ‘ከዚህ በታች ከሠራህ’ የሚባል የዝቅተኛ ሂሳብ ማሟያ፣ አንድ ደግሞ ፒሲአይ የሚል ነገር።

ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄን እኮ እኔ በየቀኑ ነው የምሠራው! ሰው የውሃ ሂሳብ በዛብኝ ብሎ ሲጠራኝ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ እዘጋና ቆጣሪው ጋ እሄዳለሁ። ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። እሳቸው ቧንቧ ነክተው አያውቁም፣ ግን የኔኑ ዘዴ በኔው ወረቀት ላይ ሠሩብኝ። ይህን ስነግራቸው “እንግዲያው አንተም ትችላለህ ማለት ነው” ብቻ አሉ።

ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ሁሉም አልገባኝም። ከምንቀበለው ላይ የሚቆርጡት ሦስት ናቸው። ትልቁን የሚወስደው ለደንበኛው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው፣ ኢንተርቼንጅ ይሉታል። ሁለተኛው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት ናቸው። ሦስተኛው ማሽኑን የሰጠህ ድርጅት ነው። “ከሁለቱ ጋር አትከራከር፣ ጊዜህ ነው የሚያልቀው። ከሦስተኛው ጋር ተከራከር” አሉኝ። በአውሮፓ ህብረት አገሮች ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የባንኩ ድርሻ ለግለሰብ ዴቢት ከመቶ 0.2፣ ለክሬዲት፣ ማለትም ለዱቤ ካርድ፣ 0.3 ላይ በሕግ ተገድቧል ሲሉኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ።

ያቺ ፒሲአይ የምትባለው ደግሞ ቅጣት ናት። የደንበኛን የካርድ መረጃ በጥንቃቄ እንደምትይዝ የምታረጋግጥበት በዓመት አንዴ የሚሞላ መጠይቅ አለ። አልሞላሁትም፣ መኖሩንም አላውቅም ነበር። በየወሩ ይቀጡኝ ነበር፣ ሙላው ብሎ የደወለልኝ ግን የለም። እዚያው ቁጭ ብለን ሞላነው፣ አንድ ሰዓት አልፈጀም። መጠይቁ መሀል ላይ “የካርድ ቁጥር በወረቀት ትጽፋለህ?” የሚል አለ። ዝም አልኩ። አዩኝ። ኪሴ ውስጥ ደብተር አለች፣ ማታ በስልክ የሚነግሩኝን ቁጥር የምጽፍባት። ከጀርባ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ሳይቀር። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ክፍያው ካለፈ በኋላ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። ደብተሯ ብትጠፋ የስንት ሰው ገንዘብ እንደሆነ አስቤው አላውቅም። ገጾቹን አንድ በአንድ ቀድደን ቆራረጥናቸው። አሁን ለሩቅ ደንበኛ የክፍያ ሊንክ እልካለሁ፣ ቁጥሩን ራሱ ያስገባል።

በማግስቱ ድርጅቱ ጋ ተደወለ። እሳቸው ይደውሉልኛል ብዬ ነበር፤ እኔን አስደወሉኝ። ድምጹን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው፣ እሳቸው ጎኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። ሙዚቃውን አብረውኝ ሰሙ። ሰውየው ሲመጣ የጻፉልኝን አነበብኩ። የባንኩን ዋጋ ለብቻ፣ የእናንተን ጭማሪ ለብቻ አድርጋችሁ አሳዩኝ፣ ካልሆነ ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቄያለሁ። እውነት ነው፣ ጠይቀን ነበር። ሰውየው ዝም አለ። እኔ ዝምታ አልችልም፣ “ማለቴ፣ ካስቸገርኩ ግን...” ልል አፌን ስከፍት ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። በትልቁ “ዝም በል” ይላል።

ዝም አልኩ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ እንጃ። ሰውየው “እስቲ የሚቻለውን ልይልህ” አለ።

የወር ክፍያው ቀረ፣ የወረቀቱ ቀረ፣ የእነሱ ድርሻ ወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ሲስተሙ’ የተባልኩት ነገር በዚያች ዝምታ ተፈታ። አሁን ማሽኑን መኪና ውስጥ እየሰካሁ ይዤ እገባለሁ፣ ደንበኛው ራሱ ካርዱን ያስነካል። ትልቅ ሥራ ሲሆን ቅድመ ክፍያውን በባንክ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ማታ ማታ ደግሞ የቀኑን ሂሳብ ማሽኑ ላይ ሳልዘጋ አልተኛም። ካደረ ዋጋው ሊጨምር ይችላል ብለውኛል፣ ለምን እንደሆነ ሁለቴ አስረድተውኛል፣ ሁለቴም ጠፍቶብኛል። ብቻ እዘጋለሁ። ባለፈው ወር በፖስታ ጀርባ አካፈልኩት። 2.6።

ሁሉ ተፈታ አልልም። ኪራዩን ማስለቀቅ አልቻሉም። ውሉን ሁለት ጊዜ አንብበው “ይሄን አልችልበትም፣ ፈርመሃል” አሉኝ በግልጽ። ደስ ያለኝም ይኸው ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እሞክራለሁ እያለ ያስከፍለኝ ነበር። ግን ውሉ ከቀሩት ወራት በኋላ በራሱ እንዳይታደስ አስቀድሞ በጽሁፍ መነገር አለበት፣ እኔ ያንን አንቀጽ መቼ አየሁ? ደብዳቤውን አረቀቁልኝ፣ የሚላክበትን ቀን ስልኬ ላይ አስያዙኝ።

ክፍያቸው የሰዓት ነው። “ካዳንኩልህ ላይ ይህን ያህል ከመቶ” አይሉም። ደላላ አይደሉም፣ ከየትኛውም የማሽን ድርጅት ኮሚሽን አይበሉም። እንዲያውም ሌላ ድርጅት ልግባ ስላቸው “መጀመሪያ ያለህበትን ጠይቅ” ብለው የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። እትዬ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከባለቤቴም ጭምር።

እናንተ የሙያ ወንድሞችና እህቶቼ፣ እባካችሁ ሂዱ። ነገ ዛሬ አትበሉ። እኔ ሁለት ዓመት ነገ ዛሬ ብዬ የከሰርኩትን አስቤ ተናድጃለሁ። ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የሦስት ወር ወረቀት፣ ውላችሁን፣ ያልሠራችሁበት ወር ካለ የዚያንም ያዙ። ፖስታዎቹን ቀድማችሁ ክፈቷቸው፣ የኔን ሲያዩ ትንሽ ተቆጥተዋል። ቶሎ ካልመለስኩላችሁ ደግሞ አትቀየሙኝ፣ የሆነ ሰው መታጠቢያ ሥር ተኝቼ ነው።