አርቪ፣ ካምፐር ቫን ወይስ የራሳችን ሲዬና? ለዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ቤተሰብ የመጀመሪያ ጉዞ

የአርቪ (አልጋና ማጀት ያለው መኪና) ኪራይ ድረ ገጽ ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው «7 ሰው ያስተኛል» የሚለው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት የደህንነት ቀበቶ እንዳለውና መቀመጫዎቹ ወዴት እንደዞሩ ነው። ሰው የሚተኛው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፤ ልጅ የሚታሰረው ግን መኪናው ሲሄድ ነው።

ለማነጻጸሪያ አንድ ቤተሰብ እንያዝ፦ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች (ትንሹ ገና በካርሲት፣ ማለትም በልጅ መቀመጫ የሚሄድ) እና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እማማ። መነሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ መድረሻው ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ አዳሩ ሦስት ሌሊት። ምርጫው ሦስት ነው፦ 25 ጫማ የሚሆን ክላስ ሲ አርቪ (ያ ከሹፌሩ በላይ ቆጥ ያለው)፣ በመርሰዲስ ስፕሪንተር ወይም በፎርድ ትራንዚት ቫን ላይ የተሠራ ካምፐር ቫን፣ እና ደጃፍ የቆመው ሲዬና (የቶዮታ የቤተሰብ መኪና) ከተከራዩት ካቢን (የእንጨት ማረፊያ ቤት) ጋር። አውቶቡስ የሚያክለውን ክላስ ኤ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ተጎታችም ቢሆን ሲዬና ቢበዛ 3,500 ፓውንድ ስለሚጎትት አምስት ሰው የሚያስተኛውን እርሱት።

በቀበቶው እንጀምር። ብዙ የኪራይ ካምፐር ቫኖች ሁለት ወይም አራት ቀበቶ ብቻ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ገና ከበሩ ይመለሳል። ክላስ ሲው ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ችግሩ ከምግብ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ካሉት ወንበሮች አንዱ ወደ ኋላ የዞረ መሆኑ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሶፋው ወደ ጎን ነው። ካርሲት የሚታሰረው ወደ ፊት በዞረው ላይ ብቻ ነው። የካርሲቱ የላይኛ ማሰሪያ የሚገባበት ቀለበትም ብዙ ጊዜ የለም። አከራዩን የዚያን ወንበር ፎቶ ላክልኝ በሉት፤ ካላከ ሌላ ፈልጉ። በዚህ በኩል ሲዬናን የሚስተካከል የለም።

ቆጡ ላይ ልጆቹ ይሻማሉ፣ እማማ ግን መሰላሉን አይወጡትም። የኋላው አልጋ የሳቸው ይሆንና ባልና ሚስት ወደ አልጋ በሚቀየረው ጠረጴዛ ላይ ያድራሉ ማለት ነው። ሌሊት ሽንት ቤት በሦስት እርምጃ መገኘቱ ግን ለትልቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ክላስ ሲ በእውነት የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለንጽጽር እንዲመች ደርሶ መልስ 500 ማይል ብንይዝ፣ ክላስ ሲ በጋሎን 10 ማይል ያህል ስለሚሄድ 50 ጋሎን ይጠጣል። ቫኑ ወደ 30፣ ሃይብሪዱ ሲዬና 14 ጋሎን አካባቢ ይበቃዋል። የቀን ኪራዩ ርካሽ የሚመስለው አርቪ ላይ የማይል ክፍያ፣ ጀነሬተር በሰዓት፣ አንሶላና ድስት፣ ጽዳትና ኢንሹራንስ ይጨመራል። የራሴ ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የክሬዲት ካርዱም ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ አርቪን አይጨምርም። ሁለቱንም ደውላችሁ ጠይቁ። በዋጋ ብቻ ከሆነ ሲዬናና ካቢን ለሦስት ሌሊት ያሸንፋሉ፣ ክርክር የለውም።

ታዲያ ሰው ለምን አርቪ ይከራያል? ማጀቱን ይዞ ለመሄድ ነዋ! እዚህ ላይ ግን መብራቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የ25 ጫማ አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 30 አምፕ ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ኤሲው ወደ 1,500 ይወስዳል፣ ማይክሮዌቭ ከ1,000 በላይ። ምጣዱን ይዘን እንሂድ የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ስለሆነ ሦስቱ አንድ ላይ ከተነሱ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራውን ገዝታችሁ ሂዱ። ቡናውንም ውስጥ አትቁሉ፣ የጭሱ አላርም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ደጅ፣ በተንቀሳቃሽ ምድጃ ላይ ቁሉት። ጀበናው በአርቪው ምድጃ ፍርግርግ ላይ ስለሚዘም አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁት፤ ከእሳት ሲወርድ የሚቀመጥበትን ማቶትም አትርሱ። ፍሪጁ በፕሮፔን የሚሠራ ዓይነት ከሆነ መኪናው ዘመም ብሎ ከቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ዶሮ ወጡን አስባችሁ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ።

በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ባሉት ካምፖች፣ ቢግ ሜዶውስንም ጨምሮ፣ የመብራት መሰኪያ የለም። ጀነሬተር የሚፈቀደው በተወሰነ ሰዓት ነው፣ ኤሲው ደግሞ በባትሪ አይሠራም። በሐምሌ ሙቀት ከሆነ የምትሄዱት ሉሬ ከተማ አካባቢ መብራትና ውኃ ያለው የግል ካምፕ ያዙና ወደ ፓርኩ ለቀን ግቡ።

አርቪ መንዳቱን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል። በአብዛኛው ስቴት ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ሳይሆን ስትታጠፉ ጭራው በተቃራኒው በኩል መውጣቱ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያለችውን የብረት ምሰሶ የሚገጨው እሱ ነው። ከፍታው 11 ወይም 12 ጫማ ስለሆነ ፓርኪንግ ጋራዥና ድራይቭ ስሩ ቀርቷል። ፓርኩን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ የመኪናችሁን ቁመት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። በዚያ መንገድ ላይ ቫን ያለው ሰው ደስታው ሌላ ነው፦ የትም ይቆማል፣ እንደ ተራ መኪና ይታጠፋል። ለባልና ሚስት ብቻ፣ ወይም ከአንድ ልጅ ጋር ቀበቶው ከበቃ፣ ቫን በሉ።

ለዚህ አምስት ሰው ግን እማማ ካሉ 25 ጫማውን ክላስ ሲ እመርጣለሁ፣ መብራት ካለው ካምፕ ጋር። እማማ ካልመጡና ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ሲዬናውን አስነሱ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ጉዞ አስቀምጡት።

ሸናንዶዋ ትቅርና ኒውዮርክ ዘመድ ጋ እንሂድ ካላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ፕሮፔን የጫነ አርቪ በባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች ማለፍ አይፈቀድለትም። ዱሮ መሸሻው የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በማርች 26፣ 2024 መርከብ ገጭቶት ፈርሷል፤ ስለዚህ ባልቲሞርን በሚዞረው 695 አውራ ጎዳና ምዕራቡን ዙሩ። ጂፒኤሱ ይህን ስለማያውቅ በቀጥታ ወደ 95 አውራ ጎዳና ዋሻ ሊመራችሁ ይችላል።