አሮጌውን ቴሌቪዥን በምን እንተካው? ኤልኢዲ ወይስ ኦሌድ

የቴሌቪዥናችሁ ጥግ ጥጉ ከጠቆረ ወይም የሰው ፊት ሁሉ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፦ ኤልኢዲ ወይም ኦሌድ።

ዋናው ልዩነት ብርሃኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ኤልኢዲ ተብሎ የሚሸጠው በእርግጥ ኤልሲዲ ነው፤ ማለትም በራሱ የማያበራ ስክሪን። ከስክሪኑ ጀርባ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ያበሩለታል። ኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷም ትጠፋለች። ባለ 4ኬ ስክሪን ላይ እንዲህ ያሉ 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉ።

እስቲ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ጨለማ የበዛበት ፊልም ክፈቱ። ተራ ኤልኢዲ ላይ የሌሊቱ ሰማይ ግራጫ ይመስላል። ኦሌድ ላይ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ኮከቦቹ ፍንትው ብለው ይታያሉ። ከጎን ለተቀመጠ ሰውም ቀለሙ አይደበዝዝም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

እንከን ግን አለው። የጣቢያ ዓርማ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ከጊዜ በኋላ ጥላው ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ዋጋውም ጠንከር ይላል።

ቤታችሁ ፀሐይ በደንብ የሚገባበት ከሆነ፣ ወይም ዜና ከጠዋት እስከ ማታ የሚከፈትበት ከሆነ፣ ደመቅ ያለ ኤልኢዲ ግዙ። ማታ ማታ ፊልም የምታዩ ከሆነ ግን ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ኦሌድ ይሁን። ከገዛችሁት ደግሞ በሪሞት እንዳጠፋችሁት ወዲያው ከሶኬት አትንቀሉት። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን በራሱ የሚያስተካክለው በዚያን ሰዓት ነው።