አንበሳ ያለበትን ሹራብ ከድሬ ልትገዙ ላሰባችሁ

ድሬ፣ ታይዋን አካባቢ፣ ደረቱ ላይ ሞዓ አንበሳ የተጠለፈበት ጥቁር ሹራብ አሻንጉሊት ለብሶት ካያችሁ እለፉት። ሹራቡ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ እሱን አይሸጡላችሁም።

ነጋዴውን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቆሞ "አቦ ግባ፣ ማየት በነፃ ነው" የሚለው ዓይነት። በዚህ ሙቀት ሹራብ የሚጠይቅ ሰው ወይ ሐረር የሚወጣ ነው ወይ አዲስ አበባ የሚሄድ፤ ቸኩሎ እንደሚገዛም ያውቃል። "የሐረርጌ ልጅ ይሄን ካልለበሰ ማን ይልበሰው? ጃንሆይ እኮ ኤጀርሳ ጎሮ ነው የተወለዱት!" አለኝ። እውነት ነው፤ ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይህችው ብቻ ናት።

ለካሁት። ወፍራም ጥጥ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ፀጉር አለው፣ እጅጌው ልክ አንጓዬ ላይ ቆመ። አንበሳው በወርቃማ ክር የተጠለፈ ነው። ዘውዱ ከነመስቀሉ፣ በፊት እግሩ የያዘው ዘንግ፣ የሰንደቁ እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" ይላል፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። አባቴ ቤት ያለውን፣ 1887 የተጻፈበትን የምኒልክ ብር አስታወሰኝ። 2,800 ብር አለ፤ ብዙም ሳልከራከር በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ "ማሽኑ ኔትወርክ የለውም" አለኝ።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። ሹራቡን ካወለቅሁ በኋላ አንገትጌውን ዳሰስ አደረገና "ውይ፣ ላብ ነክቶታል! ይሄንንማ አልሰጥህም፤ ያልተነካ ከካርቶን ላውጣልህ" አለ። እኔም አመሰገንሁት! ጓዳ ገብቶ በላስቲክ የታሸገ ይዞ ወጣ። የሚታየው የታጠፈው ጀርባ ብቻ ነው። "ያው ነው፣ ኤል ነው" እያለ ፌስታል ውስጥ ከተተና አፉን በስቴፕለር ጠቀጠቀው። ወዲያው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።

ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ነፋሱ በመስኮት ገባ። ላስቲኩን ቀደድሁ። እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፖሊስተር! አንበሳው ጥልፍ አይደለም፣ የተለጠፈ ነው። ዘንጉ መስቀል የለውም፣ ጽሑፉ "ይሁ" ላይ ተቆርጧል። በራሴ ሳጠልቀው ደግሞ ዘውዱ ተላጠ። ወርቃማው ቅርፊት አጠገቤ በተቀመጡት እናት ሻሽ ላይ ረገፈ። "አቦ ምንድነው የምታራግፍብኝ?" አሉ እያራገፉ። ደርግ እንኳ በ1967 ጃንሆይን ካወረደ በኋላ ነው የአንበሳውን ዘውድ ያነሳው፣ መስቀሉንም በጦር ጫፍ የቀየረው። የኔው አንበሳ ሐረር ሳይደርስ ከሥልጣን ወረደ።

በማግስቱ ከሰዓት ተመለስሁ። በርጫ ላይ ነው። ስገዛ "አቦ ወንድሜ" ነበርሁ፤ ስመለስ "ምን ፈለጉ?" ሆንሁ። ሹራቡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

"አንበሳ አይደል?"

"ያሳየኸኝ ይሄ አይደለም። ዘውዱም ረገፈ።"

"አራት እግር አለው አይደል? ታዲያ አንበሳ ነው።"

አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። በያዘው የጫት እንጨት ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ጠቆመኝ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። ከወረቀቱ ሥር አሻንጉሊቱ ቆሟል። የለካሁትን፣ ላብ ነካው የተባለውን ሹራብ ለብሶ! "እሺ እሱን ስጠኝ" አልሁ።

"እሱ ማሳያ ነው፤ አይሸጥም" አለና ቅጠሉን መቀንጠስ ቀጠለ።

የለካችሁትን ራሱን ይዛችሁ ውጡ፤ ላብ ቢነካው የራሳችሁ ላብ ነው። ደረሰኝ ካልቆረጠ አትክፈሉ። ወረቀቱም አያስፈራችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደምትችሉ ይናገራል። እኔ የቴሌብሩን መልእክትና ሹራቡን ይዤ ነገ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። እዚያው ሱቅ የተሸወደ ካለ ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሂድ።