ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምስጋና፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጥቆማ

በሰሜን ሸዋ ዞን በምንኖርባት የገጠር ቀበሌ፣ በጤና ኬላችን ለሚያገለግሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቤተሰባችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን አልጽፍም፤ የቀበሌው ሰው ግን ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

የወንድሜ ባለቤት ነፍሰ ጡር ሳለች የአጨዳ ሥራ በዝቶባት ከክትትል ቀጠሮዋ ቀረች። እኚህ ባለሙያ የያዙት ታብሌት ቀጠሮ ያለፋቸውን እናቶች ስለሚያሳያቸው፣ ስሟን አይተው እስከ ቤት መጡ። ከድካም የመጣ መስሏት ለማንም ያልነገረችውን ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ጠይቀው ካወቁ በኋላ የደም ግፊቷን ለኩ፤ ከፍ ብሎ ስላገኙትም አምቡላንስ አስጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተልካ በሰላም ተገላገለች። ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚከሰት የደም ግፊት በጊዜ ካልተደረሰበት የእናትንም የሕፃንንም ሕይወት ሊቀጥፍ እንደሚችል የተረዳነው ከእሳቸው ነው።

ቀድሞ በወረቀት የቤተሰብ ፎልደር፣ ማለትም የእያንዳንዱ ቤተሰብ የጤና መረጃ በሚቀመጥበት ማኅደር፣ ይያዝ የነበረው መረጃ ዛሬ በታብሌቱ ላይ ባለው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ይመዘገባል። ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ መረጃው መስመር ሲገኝ ይላካል። ነገር ግን መሣሪያው ለሪፖርት ብቻ ከተሞላ፣ በተለይም ያው መረጃ በመዝገብ ላይ ዳግመኛ የሚጻፍ ከሆነ፣ ለባለሙያው ተጨማሪ ሸክም ከመሆን አያልፍም። እኚህ እህታችን ግን ታብሌቱን በእናቲቱ ፊት ከፍተው፣ የሕፃኑ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ የኩፍኙም በ9ኛውና በ15ኛው ወር መሆኑን ቀኑን እያሳዩ ያስረዳሉ። ጎረቤት ካለ ደግሞ ስለ ጤና ጉዳይ አንድም ቃል አይናገሩም፤ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው መሆናቸው ስለታወቀም ሴቶች ያለ ፍርሃት ያዋዩአቸዋል።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሥርዓቱን አዲስ ለሚጀምሩ ባለሙያዎች አሠልጣኝ አድርጎ ቢመድባቸው፣ ለዚህም ጊዜና አበል ቢፈቅድላቸው፣ እጅግ የሚጠቅም ይመስለኛል። እንደ ባህላችን ለወሊድ ወደ እናቶቻችሁ ቤት የምትመጡ እህቶችም፣ ከከተማም ሆነ ከውጭ አገር ስትመጡ የክትትል ካርዳችሁን ይዛችሁ ወደ ጤና ኬላው በመሄድ ቀድማችሁ እንድትመዘገቡ አደራ እላለሁ።