ዌብሊ ወይስ ናጋንት፦ የሁለት ጥንታዊ ሪቮልቨሮች ንጽጽር

ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከአባታቸው የወረሱትን የእንግሊዝ ዌብሊ መደቡ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ሲወለውሉ ካየሁበት ቀን ጀምሮ፣ ከጥንታዊ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይታቸውን በሚሽከረከር ሲሊንደር ከሚይዙ ሽጉጦች፣ የትኛው እንደሚበልጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ዌብሊ። የእንግሊዝ ጦር በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ሐረርንና ድሬዳዋን ከጣሊያን እጅ ሲያስለቅቅ፣ ዌብሊ መኮንኖች ከሚታጠቋቸው ሽጉጦች አንዱ ነበር።

ተፎካካሪው ናጋንት በቤልጂጋዊው ሌዮን ናጋንት ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1895 የሩሲያ ጦር የተቀበለው ሲሆን፣ ሰባት ጥይት ይጎርሳል፤ ዌብሊ ስድስት ብቻ ነው። የናጋንት ትልቁ ብልሃት ጥይቱን የሚያስተኩሰው መዶሻ ሲነሣ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተገፍቶ ከበርሜሉ ጋር መግጠሙና በሌሎች ሪቮልቨሮች ክፍተት የሚያመልጠውን ጋዝ ማስቀረቱ ነው፤ ይህ በእውነት የሚደነቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ያው አሠራር ምላጩን እጅግ ያከብደዋል፤ ቀለሁም በጎን ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ እየተገፋ ስለሚወጣ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል።

ዌብሊ ግን ከመዶሻው አጠገብ ያለው መቆለፊያ በአውራ ጣት ሲጫን ወደ ታች ይታጠፍና ስድስቱንም ቀለህ በአንድ ጊዜ ይተፋል። አዛውንቱ ባዶ መሆኑን ሊያሳዩኝ ሲከፍቱት ኮከብ መሳዩ ማውጫ ብድግ ብሎ ሲመለስ የሰማሁት ጥርት ያለ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣው ስድስተኛው ሞዴል ከአንድ ኪሎ በላይ ቢመዝንም፣ ክብደቱ የትልቁን ጥይት ርግጫ ስለሚያለዝብ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ምርጫዬም እርሱ ነው።