ኮኛክ ወይስ አርማኛክ?

ሁለቱም የፈረንሳይ ብራንዲ ናቸው። ሁለቱም ከነጭ ወይን ጠጅ ተነጥረው ኦክ በርሜል ውስጥ ያረጃሉ። ታዲያ የቱ ይሻላል?

አወጣጥ፦ ኮኛክ በመዳብ ማንጠሪያ ሁለት ጊዜ ያልፋል። አልኮሉ 70 በመቶ ገደማ ደርሶ፣ ጠርቶና ለስልሶ ይወጣል። አርማኛክ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚነጠረው፤ ስለዚህ የወይኑ ጠረን አብሮት ይቀራል።

ጣዕም፦ እዚህ ላይ ልቆይ። ያረጀ አርማኛክ አፍንጫችሁ ጋ ስታስጠጉት የደረቀ ፕለም፣ የተቆላ ለውዝ፣ ትንሽም ትምባሆ ይሸታል። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ እንኳ ጠረኑ ቶሎ አይለቅም። በጣም የምወደውም ይህንኑ ነው። ኮኛክ ደግሞ ወደ አበባ፣ ቫኒላና ብርቱካን ልጣጭ ያደላል።

ታሪክ፦ አርማኛክ ይቀድማል። በ1310 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ መድኃኒትነቱ ተጽፎለታል። ኮኛክን በዓለም ያስፋፉት ግን የሆላንድ ነጋዴዎች ናቸው። ብራንዲ የሚለው ቃልም የእነሱ ነው፤ «የተቃጠለ ወይን» ማለት ነው።

ዕድሜ፦ ጠርሙሱ ላይ ኤክስኦ (XO) የሚል የዕድሜ ምልክት ካያችሁ፣ በሁለቱም በርሜል ውስጥ ቢያንስ 10 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው።

ዋጋ፦ ኮኛክ በየኤርፖርቱ አለ፣ ለስሙም ይከፈላል። በእኩል ዕድሜ አርማኛክ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ለጀማሪ፣ ለኮክቴል፣ ስም ለሚያይ ተጋባዥ ኮኛክ ይሁን። ከእራት በኋላ ቀስ ብሎ ለሚጠጣ አርማኛክ። ወዳጁ የተወለደበት ዓመት የተጻፈበት ጠርሙስ ሊሰጠው ለሚፈልግም አርማኛክ።