ኦንላይን ማስተርስ ለምትማሩ የደሴ ልጆች፦ ሐጂን ላስተዋውቃችሁ

እነሆ ማስተርሴን ጨረስኩ። በጨረራ ደህንነት፣ በኦንላይን፣ የራጅ ክፍል ሥራዬን ሳላቋርጥ። እንኳን ደስ አለህ ላላችሁኝ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን። የዛሬው ምስጋና ግን ለአንድ ሰው ነው። ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ቤት ላላቸው፣ ሁላችንም ሐጂ እያልን ለምንጠራቸው አባት።

ለማታውቁት፣ እንዲህ ዓይነት ትምህርት አለ። ውጭ አገር ሄልዝ ፊዚክስ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ እነ ኦሪገን ስቴትና ኢሊኖይ ቴክ በኦንላይን ያስተምሩታል። እኛ ራጅ የምናነሳ ሰዎች ብዙውን ነገር በልምድ እናውቀዋለን። የሠራተኛ የጨረር ወሰን በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ነው፤ አማካዩ በ5 ዓመት ይሰላል፣ በየትኛውም ዓመት ግን ከ50 ማለፍ የለበትም። ለሌላው ሕዝብ በዓመት 1 ነው። ይህን ዲግሪ ላይም ሸምድደነዋል። የራጅ ክፍል ግድግዳ ውፍረት ከነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ እንዴት እንደሚሰላ የገባኝ ግን አሁን ነው። ከምንጩ ያለህን ርቀት እጥፍ ብታደርገው የሚደርስህ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ዋርድ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ማሽን ሳነሳ አስታማሚን «ፈቀቅ በሉ» ብዬ አልተውም፤ የሚቆሙበትን ቦታ አሳያለሁ። ሊድ ኤፕሮን (ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ) አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው ካየሁ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ከላይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይሰነጠቃል። መሰቀል ነው ያለበት።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ትምህርቱ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ የተቀረፀ ስለሆነ ከተረኛነት መልስ ይታያል። ጣጣው ፈተናው ነው። ውጭ አገር ያለ ተቆጣጣሪ በካሜራ ያያችኋል። ፓስፖርት ታሳያላችሁ። ከዚያ ካሜራውን ይዛችሁ ክፍሉን በሙሉ ታዞራላችሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር። ግድግዳ ላይ ጽሑፍ አይፈለግም። ሰው ዘው ብሎ ከገባ ወይም ኔትወርክ ከተቆረጠ ማስረዳቱ የእናንተ ዕዳ ነው። እንግዲህ ይህን መብራት በሚጠፋበት፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት አስቡት።

ይህን ስነግራቸው «አብሽር ልጄ» አሉኝ። የሰው ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከኋላ ወረቀት የሚያከማቹባትን ጠባብ ክፍል አስለቀቁ። ካላንደሩን ከግድግዳው አወረዱ። የዋጋ ዝርዝሩ ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለ ነጭ ወረቀት ለጠፉበት። ለኮምፒውተሩና ለራውተሩ ባትሪ አስገቡ። ጄኔሬተር አላቸው፤ «ድምፁ ፈታኙን ይረብሸዋል» ብለው ግን እሱን ለፎቶ ኮፒው ብቻ ተዉት። ዋይፋዩ ከከዳ ብለው የራሳቸውን ስልክ ዳታ ሞልተው አጠገቤ ያስቀምጡልኛል። ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት።

አንዱ ፈተና ከጁምዓ ሰዓት ጋር ገጠመ። ሐጂ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ ልጃቸውን በር ላይ አስቀመጡትና «ማንም እንዳያንኳኳ። ዱቤ ሊከፍል የመጣም ቢሆን» አሉት። ነጋዴ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላው፣ አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢና መጋቢት መግቢያ ገደማ። የፈተና ቀጠሯችሁ ሳታስቡት በአንድ ሰዓት ሊዛባ ይችላል። ያ የወረደው ካላንደር አሁን ከሐጂ ወንበር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ሁለቱ ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ ተከበዋል።

ስላይዶቼን ሲያትሙልኝም ዝም ብለው አያትሙም። ሦስት ክንፍ ያለውን ምልክት አይተው «ይሄ ራጅ ክፍል በር ላይ ያለው አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ዋይፋዩስ? ፎቶ ኮፒውስ? ደንበኛ ሲያስፈራራቸው ከርሟል ለካ። የሁለቱም ጨረር ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ የማውጣት ጉልበት የለውም፣ ራጅ ግን አለው አልኳቸው። ይልቅስ ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ከህዋ የሚመጣው ጨረር ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ኮምቦልቻ ካለው ትንሽ ይበልጣል፣ የሚያሰጋ ግን አይደለም ስላቸው ሳቁ። «ሐረጎን ወርጄ ልኑር በለኛ!»

እውነቱን ለመናገር ዋጋቸው ርካሽ አይደለም። ክፍሏን በሰዓት ነው የሚያስከፍሉት፣ ከተራ ኢንተርኔት ይወደዳል። ደረጃውም ጠባብ ነው። እኔ ግን ለዚያ ክፍል እጥፍ ቢሉኝም እከፍል ነበር። የዶላር ክፍያውን ነገር ግን ሐጂም አይፈቱላችሁም፤ እሱ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ስለሆነ ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።

ተረኛነት ለቀያየራችሁኝ የራጅ ክፍል ጓደኞቼም ዕድሜ ይስጥልኝ። ቡናው የእኔ ነው።

ፈተና ወይም የኦንላይን ኢንተርቪው ያለባችሁ፣ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ክፍሏን አስይዙ፤ የፈተናውን ሶፍትዌርም እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ከቻላችሁ ሰኞን ተዉት። የገበያ ቀን ስለሆነ ፎቶ ኮፒው ፋታ የለውም፣ ሐጂም ለወሬ አይመቹም።